የነጩ ዱቄት ክስ፦ የፀረ-ዳምፒንግ ምርመራ ሲከፈት ምን ይጀመራል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2023፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የአውሮፓ ኮሚሽን ከቻይና በሚገባው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ የፀረ-ዳምፒንግ ምርመራ መክፈቱን የሚያሳውቅ ነበር። ኬሚካሉን በስሙ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር ሳይነካካ የሚውል ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። የግድግዳ ቀለም ነጭ ሆኖ የታችኛውን ቀለም እንዲሸፍን የሚያደርገው ይህ ነጭ ዱቄት ነው። ፕላስቲክ፣ ወረቀትና የጥርስ ሳሙናም ንጣታቸውን የሚያገኙት ከእሱ ነው። ኢ171 በሚል መለያ ምግብ ውስጥ ይገባ ነበር፤ አውሮፓ ከምግብ ያስወጣችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ብዙ ሰው ወዲያው የሚረዳው “አውሮፓ በቻይና ኬሚካል ላይ ቀረጥ ጣለች” ብሎ ነው። በዚያ ቀን ግን አንድ ሳንቲም ቀረጥ አልተጣለም፤ ጥፋተኛ የተባለም ኩባንያ አልነበረም። ምርመራ ተከፈተ ማለት የቀረበው አቤቱታ ሊመረመር የሚገባው ያህል ማስረጃ ይዟል ማለት ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ማስታወቂያው የወጣበት ዕለት ለነጋዴው ተራ ቀን አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ዳምፒንግ ምን እንደሆነ እንለይ፤ አብዛኛው ግርታ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ዳምፒንግ ዕቃን በርካሽ መሸጥ አይደለም። ጎበዝ አምራች በርካሽ አምርቶ በርካሽ ቢሸጥ ሕጉ አይነካውም። ሕጉ የሚያነጻጽረው አንድ አምራች ዕቃውን በገዛ አገሩ የሚሸጥበትን ዋጋ ወደ ውጭ ከሚልክበት ዋጋ ጋር ነው። የውጭው ከአገር ቤቱ ዋጋ ካነሰ፣ ወይም የአገር ቤቱ ዋጋ የማያስተማምን ሆኖ የማምረቻ ወጪና ተገቢ ትርፍ ተደምረው ከሚገኘው ዋጋ ካነሰ፣ ልዩነቱ ዳምፒንግ ይባላል። ይህም ራሱ በዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ ክልክል አይደለም። የተወገዘው ጉዳት የሚያደርስ ዳምፒንግ ሲሆን፣ ተጎጂው አገር ልዩነቱን በቀረጥ እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል። ሐሳቡ አዲስም አይደለም፤ ካናዳ የመጀመሪያውን የፀረ-ዳምፒንግ ሕግ ያወጣችው በ1904 ነው።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። አንድ ፋብሪካ አንዱን ቶን በአገሩ 3,000 ዩሮ ይሸጣል እንበል። ለአውሮፓ ገዢ ደግሞ ከፋብሪካው በር ላይ በ2,400 ይሰጣል። ልዩነቱ 600 ነው። ዕቃው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተጨምሮበት አውሮፓ ወደብ ሲደርስ 2,500 ዩሮ ከሆነ፣ 600 ለ2,500 ሲካፈል 24 በመቶ ይመጣል። የዳምፒንጉ መጠን ይህ ነው። ከ2 በመቶ በታች ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋ ነበር።

ምርመራውን ማን ያስከፍታል? እዚህ ላይ ሕጉ በሩን ጠበብ አድርጎታል። አቤት ማለት የሚችለው ያንኑ ዕቃ በአገር ውስጥ የሚያመርት ኢንዱስትሪ ነው። ገዢ አይችልም፤ አስመጪም አይችልም። በአውሮፓ ሕግ አቤቱታውን የሚደግፉት አምራቾች ቢያንስ የኅብረቱን ምርት 25 በመቶ መያዝ አለባቸው። በተጨማሪም ደጋፊና ተቃዋሚ አምራቾች ተለይተው ሲቆጠሩ የደጋፊዎቹ ምርት ከግማሽ መብለጥ አለበት። በነጩ ዱቄት ጉዳይ አምራቾቹ ጊዜያዊ ጥምረት አቋቁመው አቤቱታቸውን በሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ አስገቡ። ኮሚሽኑ አቤቱታ ከደረሰው በኋላ ለመወሰን ያለው ጊዜ 45 ቀን ነው። አንዳንዴ ኮሚሽኑ አቤቱታ ሳይጠብቅ በራሱ ተነሳሽነት ሊከፍት ይችላል፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የከፈተው የድጎማ ምርመራ የዚህ ዓይነት ነበር። ይህ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

በእነዚያ 45 ቀናት ውስጥ ነገሩ በምስጢር ይያዛል። የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ባለሥልጣኑ ምርመራ ለመክፈት ሳይወስን አቤቱታውን አደባባይ እንዳያወጣ ያዝዛል። ከመክፈቱ በፊት ግን ለላኪው አገር መንግሥት ያሳውቃል። ምስጢሩ ያለምክንያት አይደለም። ወሬው ቀድሞ ከወጣ ማስረጃው ሳይታይ ገበያው ይረበሻል፤ ተራ አቤቱታ አስገብቶ ተፎካካሪን ማስደንገጥም ቀላል መሣሪያ ይሆናል።

የአቤቱታው ይዘትም ቀላል አይደለም። “እየተጎዳን ነው፣ ድረሱልን” የሚል ደብዳቤ አይበቃም። አቤት ባዩ የላኪው አገር ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባው መጠን እንዴት እንደጨመረ፣ የራሱ ሽያጭ፣ ትርፍና የሠራተኛ ቁጥር እንዴት እንደወረደ በአኃዝ ማቅረብ አለበት። የተፎካካሪውን የአገር ቤት ዋጋ ከየት ያመጣል? ከጉምሩክ ስታቲስቲክስ፣ በገንዘብ ከሚሸጡ የገበያ ዋጋ ዘገባዎች፣ ከወጪ ስሌት። ሕጉም የሚለው አቤት ባዩ “በአቅሙ ሊያገኘው የሚችለውን” መረጃ ያቅርብ ነው። በዚህ ደረጃ የሚፈለገው ሙሉ ማረጋገጫ ሳይሆን በቂ ፍንጭ ነው።

ምርመራው ሲከፈት ሁለት ጊዜያት ይወሰናሉ። ዳምፒንግ መኖሩ የሚታይበት አንድ ዓመት አለ፤ በዚህ ጉዳይ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ያለው ነው። የጉዳቱ አዝማሚያ የሚጠናበት ደግሞ ረዘም ያለ ነው፤ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ። መርማሪዎቹ በዚህ ክልል ውስጥ አራት ነገር ይፈልጋሉ፦ ዳምፒንግ አለ ወይ? የአገር ውስጥ አምራቹ ተጎድቷል ወይ? ጉዳቱን ያመጣው ዳምፒንጉ ነው ወይ? ቀረጡስ ለኅብረቱ በጥቅሉ ይበጃል ወይ? አራተኛው ጥያቄ የአውሮፓ ሕግ የጨመረው ነው፤ የዓለም ንግድ ድርጅት ግዴታ አያደርገውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ በቻይና ጉዳይ ጠመዝማዛ ነው። በተለመደው አሠራር የቻይናው ፋብሪካ በአገሩ የሚሸጥበት ዋጋ ይወሰዳል። አውሮፓ ግን ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ያወጣችው ሕግ የመንግሥት እጅ ዋጋንና ወጪን ጉልህ በሆነ መንገድ ያዛባ መሆኑ ከታየ፣ የዚያን አገር ዋጋ ትቶ በዕድገት ደረጃ ከሚመሳሰል ሌላ አገር የተወሰደ ወጪን መጠቀም ይፈቅዳል። ለማዕድኑ፣ ለመብራቱ፣ ለደመወዙ የብራዚልን ወይም የቱርክን ዋጋ አስገብቶ “መደበኛው ዋጋ ይህ ነበር” ይባላል። ቻይና ይህን አጥብቃ ትቃወማለች፤ የሚገርምም አይደለም። በእኔ አመለካከት የመላው ሥርዓት ደካማ ጎን ይህ ነው። የትኛው አገር ተመረጠ የሚለው ብቻ የቀረጡን መጠን በእጅጉ ሊለውጠው ይችላል። በሌላ በኩል መሬትና ብድር በመንግሥት ፈቃድ በሚታደልበት ገበያ “ትክክለኛው ዋጋ” የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ያለው ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ጉዳቱ፣ ከሒሳብ መዝገብ የሚነበብ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሦስተኛው ነው።

የምርመራው ዘመን ከኦክቶበር 2022 የሚጀምር መሆኑን አስታውሱ። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ዓመት የአውሮፓ የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ አሻቅቦ ነበር። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ማምረት ደግሞ ብዙ ኃይል ይበላል። ማዕድኑ በሰልፈሪክ አሲድ ወይም በክሎሪን ይፈርሳል፣ ይጣራል፣ በከፍተኛ ሙቀት ይጋገራል። ስለዚህ የአውሮፓው ፋብሪካ ትርፍ ያጣው ቻይና ዋጋ ስለሰበረችበት ነው ወይስ ጋዙ ስለተወደደበት? የግንባታ ሥራ ተቀዛቅዞ የቀለም ፍላጎት መውረዱስ? ሕጉ መርማሪው እነዚህን ሌሎች ምክንያቶች ነጥሎ እንዲያወጣና የእነሱን ጥፋት በገቢ ዕቃው ላይ እንዳይጭን ያስገድዳል።

እንዴት ይነጠላል? አንደኛው መንገድ ጊዜ ነው፤ ወጪው መቼ ጨመረ፣ የገቢ ዕቃው መቼ ገበያውን ያዘ፣ ትርፉ መቼ ወደቀ የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት። ሌላው ዋጋ የመጨመር አቅም ነው። ጋዝ ሲወደድ ጤናማ ገበያ ላይ ያለ አምራች ጭማሪውን ወደ ገዢው ያሻግራል። ከጎኑ በጣም ርካሽ ዕቃ ተደርድሮ ማሻገር ካቃተው ያ ርካሽ ዕቃ ድርሻ አለው ማለት ነው። ኮሚሽኑም ከ14 ወር ሥራ በኋላ የኃይል ዋጋውና ሌሎቹ ምክንያቶች በገቢ ዕቃውና በጉዳቱ መካከል ያለውን ትስስር አልበጠሱትም ብሎ ደመደመ። መከራከሪያው ያሳምናል፤ ነገር ግን የኢኮኖሚ ግምገማ ስለሆነ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት መወሰድ የለበትም።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ሜዳ የገቡት የቀለም ፋብሪካዎች ናቸው። ለነጭ ቀለም አምራች ይህ ዱቄት ከጥሬ ዕቃዎቹ ሁሉ ከፍተኛውን ወጪ ከሚይዙት አንዱ ነው፤ ያን ያህል የሚሸፍን ምትክም የለውም። “እናንተ አንድን ፋብሪካ ስታድኑ እኛን ልታከስሩን ነው፤ ያለቀለት ቀለም ከውጭ ቀረጥ ሳይጣልበት እየገባ እኛ በተወደደ ጥሬ ዕቃ እንዴት እንወዳደር?” የሚል ክርክር አነሱ። ከባድ ክርክር ነው። የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ብዙ ጊዜ ለሌላ ምርት ጥሬ ዕቃ በሚሆን ዕቃ ላይ ስለሚጣል፣ ያን ዕቃ ገዝቶ የሚያመርተው እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ሕግ ይህን ለማለዘብ የያዘው አንድ ዘዴ አለ፤ አነስተኛው ቀረጥ የሚባለው። ከላይ ያየነው ምሳሌ ላይ ዳምፒንጉ 24 በመቶ ነበር። የአውሮፓውን አምራች ከጉዳት ለማውጣት 16 በመቶ ከበቃ በመደበኛው አሠራር የሚጣለው 16 ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ሂደት። በመቶ የሚቆጠሩ ላኪዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ ኮሚሽኑ ከመካከላቸው ጥቂት ትልልቆችን በናሙና ይመርጣል፤ ወፍራም መጠይቅም ይልክላቸዋል። እያንዳንዱ ሽያጭ፣ እያንዳንዱ ወጪ፣ ማን ለማን እንደሸጠ ሁሉ ይጠየቃል። መልሱ ሲመጣ መርማሪዎች ፋብሪካው ድረስ ሄደው ከደረሰኝ ጋር ያመሳክራሉ። መመለስ ግዴታ አይደለም፤ ያልመለሰ ግን ባለው መረጃ ይፈረድበታል፤ ያ መረጃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአቤት ባዩ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አያዋጣም።

የነጩ ዱቄት ውጤት ይህን በግልጽ ያሳያል። በጁላይ 2024 የተጣለው ጊዜያዊ ቀረጥ አንሁዊ ጎልድ ስታር ለተባለው ኩባንያ 14.4 በመቶ፣ ከቻይና አምራቾች ትልቁ ለሆነው ለሎሞን ቢልየንስ ቡድን 39.7 በመቶ ነበር። በጃንዋሪ 2025 የመጨረሻው ውሳኔ ሲመጣ የቀረጡ ዓይነት ራሱ ተለወጠ፤ በመቶኛ መሆኑ ቀርቶ በኪሎ የተቆረጠ ዩሮ ሆነ። ለጎልድ ስታር 0.25 ዩሮ፣ በምርመራው ለተባበሩት ሌሎች ኩባንያዎች 0.64፣ ለሎሞን ቢልየንስና ላልተባበሩት ሁሉ 0.74። በቶን ሲታሰብ ከ250 እስከ 740 ዩሮ ማለት ነው። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ለገዢው ልዩነት አለው። በመቶኛ ቢሆን ውድና ጥራት ያለውን ዱቄት የሚገዛው የበለጠ ይከፍላል፤ ቁርጥ ያለ ሒሳብ ሲሆን ግን ርካሹም ውዱም እኩል ይከፍላሉ። ላኪው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የቀረጡን ሒሳብ ማሳነስም አይችልም።

የመክፈቻው ዕለት ተራ ቀን አይደለም ያልኩት እዚህ ጋ ይገባል። ጊዜያዊ ቀረጥ በአውሮፓ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት ወይም ከስምንት ወር በኋላ ነው። በመሃሉ ያለው አስመጪ ምን ያደርጋል? ወይ ቀረጡ ሳይመጣ መጋዘኑን ለመሙላት ይሮጣል፣ ወይ ሌላ አገር ሻጭ ያፈላልጋል። ሕጉም ሩጫውን ያውቃል። ጉምሩክ ዕቃውን እንዲመዘግብ ከታዘዘና ሌሎች ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ ቀረጡ ጊዜያዊው ከመጣሉ በፊት እስከ 90 ቀን ወደኋላ ተመልሶ ሊታሰብ ይችላል፤ ምርመራው ከተከፈተበት ቀን አልፎ ወደኋላ ግን አይሄድም። ስለዚህ ማስታወቂያው በወጣ ማግስት የሚፈረም ውል ሁሉ “ቀረጥ ቢመጣ ማን ይከፍላል?” የሚል አንቀጽ ይፈልጋል። ምርመራው ምንም ሳይገኝበት ቢዘጋ እንኳ ያለፈው ጥርጣሬ ገበያውን አንቀሳቅሶ አልፏል።

አንዳንዴ መክፈቻው ራሱ መልእክት ነው። በሜይ 2024 አሜሪካ በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖችና ሌሎች ዕቃዎች ላይ ቀረጥ መጨመሯን ካስታወቀች ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሜይ 19፣ ቤጂንግ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከታይዋን በሚገባ ፖሊኦክሲሜቲሊን በተባለ ጠንካራ የኢንዱስትሪ ፕላስቲክ ላይ የፀረ-ዳምፒንግ ምርመራ ከፈተች። በወረቀት ላይ አቤት ያሉት የቻይና አምራቾች ናቸው፤ ሥርዓቱም ሁሉ ተሟልቷል። በዓመቱ የተጣለው ቀረጥ ለአሜሪካ ዕቃ 74.9 በመቶ ደረሰ። ብድር ምላሽ ነው ብሎ በሕግ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ቀኑን አይቶ ያልጠረጠረ ታዛቢ ግን አልነበረም።

ቀረጡ ከተጣለ በኋላስ ፋብሪካው ዳነ? ትሮኖክስ የተባለው ኩባንያ ሮተርዳም ወደብ አካባቢ ቦትሌክ ላይ በዓመት 90,000 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ነበረው። የመጨረሻው ቀረጥ ከተጣለ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በማርች 2025፣ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የቻይና ፉክክር ነበር። ቀረጥ የዋጋን ልዩነት ያጠባል እንጂ ከዓለም የማምረት አቅም ከግማሽ በላይ የያዘችን አገር ትርፍ ምርት አያጠፋም። አንዱ በር ሲዘጋ ዱቄቱ ሌላ በር ያንኳኳል። ብራዚል በ2024፣ ሕንድ በ2025 በዚሁ የቻይና ዱቄት ላይ የየራሳቸውን ቀረጥ የጣሉት ለዚህ ነው።

በሩ ከሚንኳኳባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ጥሬ ማዕድኑ ራሱ ከጎረቤት ሲወጣ ኖሯል፤ ኬንያ ኳሌ ላይ የነበረው የታይታኒየም ማዕድን ማውጫ ሥራውን ያቆመው በ2024 መጨረሻ ነው። የእኛ ቀለም ፋብሪካዎች ግን ዱቄቱን ገዢ ናቸው እንጂ አምራች አይደሉም። ለእነሱ የአውሮፓ በር መዘጋት መጥፎ ዜና ላይሆን ይችላል፤ ገበያ ያጣ ዕቃ ዋጋው ይወርዳልና። አምራች በሌለበት ተጎጂ የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ አይኖርም፤ ተጎጂ ከሌለ ደግሞ የሚከፈት ምርመራ የለም።

ነገሩ የሚለወጠው በአገር ውስጥ በሚመረቱ ኬሚካሎች ላይ ነው። ከአብያታ ሶዳ አሽ ኮስቲክ ሶዳ ለማምረት የተቋቋመው የዝዋይ ፋብሪካ፣ አልሙኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራው የአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ፣ እነዚህ “የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ” የሚለውን ስም ሊይዙ የሚችሉ ናቸው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው፤ ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም ስለ ንግድ መከላከያ እርምጃዎች ራሱን የቻለ አባሪ፣ አባሪ 9፣ አለው። ገበያ በተከፈተ ቁጥር አቤት የሚል አምራች መምጣቱ አይቀርም። አቤቱታው የሚጻፈው በሦስት በአራት ዓመት የሽያጭ፣ የወጪና የዋጋ መዝገብ ነው፤ ያ መዝገብ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ የሚያዝ ነው።